ኬሚካል የገባበትን የቤት ሴፕቲክ ታንክ መመርመርና ማጽዳት

ቤንዚን፣ ቲነር፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ፀረ ተባይ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ሲገባ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ውሃ ለቆ “ማጠብ” ነው። ከዚህ የባሰ እርምጃ የለም። ታንኩ ሁልጊዜ እስከ መውጫ ቧንቧው ድረስ ሙሉ ነው፤ ከቤት 100 ሊትር ውሃ በገባ ቁጥር በሌላኛው ጫፍ 100 ሊትር ወደ ማስረጊያ መስኩ፣ ማለትም የታንኩ ውሃ በቦይ ወደ አፈር ወደሚሰርግበት ቦታ፣ ይወጣል። ታንክ ውስጥ ያለ ኬሚካል በመምጠጫ መኪና ተስቦ ይወጣል። አፈር ውስጥ የሰረገውን ለማውጣት ግን ቁፋሮና የከርሰ ምድር ውሃ ክትትል ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚመራው በአንድ ሐሳብ ነው፤ ኬሚካሉ እዚያው ታንኩ ውስጥ ይቆይ፣ ምን እንደሆነ ይታወቅ፣ ከዚያ ይውጣ።

መጀመሪያ እንቅስቃሴውን ማቆም

ዋናውን የውሃ ቫልቭ ዝጉ። ሽንት ቤት፣ ሻወር፣ ልብስ ማጠቢያ ሁሉም ይቁም። ከታንኩ በኋላ ፓምፕ ያለው ሲስተም ከሆነ ኤሌክትሪኩን አቋርጡ፤ አለበለዚያ ፓምፑ በራሱ ተነስቶ የተበከለውን ፍሳሽ ወደ መስኩ ይገፋዋል። ብሬከሩ ባለበት ቦታ የቤንዚን ወይም የቲነር ሽታ ካለ ግን ምንም ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፤ ብልጭታው ይበቃል። ኃይሉን ራቅ ካለ ቦታ አስቋርጡ።

ሽታው ቤት ውስጥ ከገባ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ውሃው የደረቀ ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው የፍሳሽ ቧንቧ ቆልማማ ክፍል) ነው። ብዙም በማይጠቀሙበት የወለል ፍሳሽ መውረጃ ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ጨምሩ፤ ለዚህ ብቻ የሚሆን ውሃ ጉዳት የለውም። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጥፉ። ሽታው ከበረታ ቤቱን ለቃችሁ ውጡና እሳት አደጋ ጥሩ።

በግቢው ውስጥ ወይም በአቅራቢያው የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ካለ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ያቁም። ማፍላት መፍትሔ አይደለም። ጀርምን ይገድላል እንጂ እንደ ቤንዚን ያለውን ተናኝ ኬሚካል ከድስቱ አውጥቶ ወደምትተነፍሱት አየር ይልከዋል። በሙቅ ውሃ መታጠብም ተመሳሳይ ችግር አለው።

ምን ገባ፣ ስንት ገባ፣ መቼ ገባ

ታንኩን ከመክፈታችሁ በፊት ቤቱን መርምሩ። ጋራዥና ማከማቻ ውስጥ ያሉ ባዶ ጣሳዎችን፣ የቀለም ብሩሽ የታጠበበትን ሲንክ፣ የተከራይ ዎርክሾፕ ካለ እሱንም እዩ። የዕቃውን መለያ ፎቶ አንሱ፤ አምራቹ የሚያወጣውን የደህንነት መረጃ ሰነድ ፈልጉና ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር አንብቡ፦ አንጻራዊ ጥግግቱን (ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለውን ክብደት፤ ውሃ 1 ነው) እና በውሃ ውስጥ መሟሟቱን። ኬሚካሉ ታንኩ ውስጥ የት እንደሚገኝ የሚነግሯችሁ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ቤንዚን (ጥግግቱ 0.75 ገደማ)፣ ናፍጣ (0.85 ገደማ) እና የሞተር ዘይት ይንሳፈፋሉ። ከላይ ባለው የቅባት ሽፋን ውስጥ ስለሚያዙና በመውጫው ላይ ያለው ቲ-ቅርጽ ቧንቧ ከሽፋኑ በታች ስለሚቀዳ፣ ቧንቧው ጤናማ ከሆነ አብዛኛው ክፍላቸው ቶሎ አያመልጥም። ቲ-ው ተሰብሮ ወይም ወድቆ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ መስኩ ይሄዳሉ።

ክሎሪን ያለባቸው ማሟሟያዎች ይሰምጣሉ። ትራይክሎሮኤቲሊን 1.46፣ ፐርክሎሮኤቲሊን 1.62፣ የቀለም መላጫ ውስጥ የሚገኘው ሜቲሊን ክሎራይድ 1.33 ጥግግት አላቸው። ከዝቃጩ ሥር ተኝተው ቀስ በቀስ ይሟሟሉ፤ የታንኩ ወለል ስንጥቅ ካለው በዚያው ይሰርጋሉ።

ሦስተኛው ወገን ከውሃ ጋር ሙሉ በሙሉ የሚቀላቀለው ነው፦ አንቲፍሪዝ፣ አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ አሴቶን፣ የፀረ ጀርም ፈሳሾች። የሚጠብቃቸው ሽፋንም ዝቃጭም ስለሌለ ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። በጊዜ መሽቀዳደም በጣም የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። 4,000 ሊትር የሚይዝ ታንክ አንድ ሦስተኛው በዝቃጭና በቅባት ከተያዘ የሚቀረው 2,700 ሊትር ያህል ነው፤ ቤቱ በቀን 600 ሊትር ከተጠቀመ በወረቀት ላይ 4 ቀን ተኩል ይቆያል። በተግባር ግን ውሃ ከመግቢያ ወደ መውጫ አቋራጭ መንገድ ስለሚያገኝ የመጀመሪያው ብክለት በሰዓታት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል።

መጠኑን አትናቁ። 1 ሊትር ቤንዚን ውስጥ 1 በመቶ ቤንዜን የተባለው ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር ቢኖር 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ወደ 8.8 ግራም ይሆናል። ይህ በ4,000 ሊትር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢሟሟ በሊትር 2,200 ማይክሮግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ 10 ማይክሮግራም ነው። ከፊሉ ሽፋኑ ላይ ቢቀር፣ ከፊሉም ቢተን እንኳ አንድ ሊትር “ትንሽ ነው” የሚባል አይደለም።

ክዳኑን መክፈት

ታንኩ ውስጥ ማንም አይገባም። ባዶም ቢሆን፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ የወደቀ ሰው ለማውጣትም ቢሆን። ያለ ኬሚካሉም ቢሆን ታንኩ ሃይድሮጂን ሰልፋይድና ሚቴን ያመነጫል። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ 100 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 100 ክፍል) አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል፤ ሽታው “ጠፋ” የተባለበት ቅጽበት አደጋው የጨመረበት ነው። ከ700 ፒፒኤም በላይ በአንድ ሁለት ትንፋሽ ሰው ይጥላል። የመጀመሪያውን ለማዳን የገባው ሁለተኛ ሰው የሚሞተውም በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ ሰው ከወደቀ ከላይ አየር ንፉለት፣ አዳኝ ቡድን ጥሩ፣ አትግቡ።

አራት ጋዝ የሚለካ መሣሪያ ያዙ፤ ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች፣ ተቀጣጣይ ጋዝ እሳት ሊይዝ ከሚጀምርበት ዝቅተኛ መጠን አንድ አሥረኛ (10 በመቶ) በላይ፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከ10 ፒፒኤም በላይ ሲሆን ከአካባቢው ራቁ። ብዙ ጊዜ የሚሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የተለመደው የተቀጣጣይ ጋዝ ሴንሰር የሚሠራው ጋዙን አቃጥሎ ስለሆነ በቂ ኦክስጅን በሌለበት ታንክ ውስጥ ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ ኦክስጅኑን አንብቡ፤ ኦክስጅኑ ዝቅ ካለ የተቀጣጣዩን ቁጥር አትመኑት።

ነፋሱ ከጀርባችሁ ይምጣ። ሁለት ሰው ሁኑ። ክዳኑን በብረት ከመፈልቀቅ ይልቅ ብልጭታ በማይሰጥ የናስ መሣሪያ አንሱት፤ ከተከፈተ በኋላም ጎንበስ ብላችሁ አትመልከቱ። ለቤንዚንና ለዘይት የናይትራይል ጓንት ይበቃል፤ ሜቲሊን ክሎራይድ ግን ናይትራይልን በደቂቃዎች ያልፈዋል፤ ለእሱ ብዙ ሽፋን ያለው ልዩ የኬሚካል ጓንት ያስፈልጋል።

አሁን ተመልከቱ። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ፊልም ካለ በዘንግ ነካ አድርጉት፦ እንደ ስስ መስታወት ተሰባብሮ ተለያይቶ ከቀረ ከብረት ባክቴሪያ የመጣ ነው፤ ወዲያው ተመልሶ ከተገናኘ ነዳጅ ወይም ዘይት ነው። የሞተ ታንክም፣ ማለትም ቆሻሻውን የሚያፈርሰው ባክቴሪያ ያለቀበት፣ ይታወቃል፤ አረፋ አይፈላም፣ ሽፋኑ ሳስቶ ይበጣጠሳል፣ መሃሉ ላይ ጥርት ማለት የነበረበት ውሃ ይደፈርሳል። በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወረቀት ለኩ፤ ጤናማ ታንክ ከ6.5 እስከ 7.5 አካባቢ ይሆናል። ከ6 በታች ወይም ከ9 በላይ ካገኛችሁ አሲድ ወይም ኮስቲክ ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ናሙና አወሳሰድ

ናሙና የሚወሰደው ታንኩ ከመመጠጡና ከመበጥበጡ በፊት ነው። ቅደም ተከተሉ ንጹሕ ከሚመስለው ወደ ቆሻሻው ይሁን፦ መጀመሪያ የጉድጓድ ውሃ፣ ቀጥሎ ማከፋፈያ ሳጥን (ከታንኩ የወጣውን ውሃ ለመስኩ ቦዮች የሚያድለው)፣ መጨረሻ ታንኩ። በእያንዳንዱ ነጥብ ጓንት ቀይሩ። ጄኔሬተር ወይም ሞተሩ የሚሠራ መኪና አጠገብ አትሁኑ፤ ጭሱ ናሙናውን ይበክላል።

ለተናኝ ኬሚካሎች ላቦራቶሪው የሚሰጠው 40 ሚሊ ሊትር የመስታወት ጠርሙስ ነው፤ ክዳኑ በቴፍሎን የተሸፈነ ነው። እስከ አፉ ሞልታችሁ ውሃው ጉብ ሲል ክደኑት፤ ገልብጣችሁ መታ መታ ስታደርጉት አረፋ ከታየ ያ ናሙና ዋጋ የለውም። ጠርሙሱ ውስጥ ቀድሞ የተጨመረ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ ካለ አታፍስሱት፤ ናሙናውን ለ14 ቀን የሚያቆየው እሱ ነው። የፍሳሽ ውሃ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ አረፋ ከፈጠረ ግን ያለ አሲድ ውሰዱና በ7 ቀን ውስጥ እንዲመረመር ንገሩ። ለፀረ ተባይና ለከባድ ዘይት 1 ሊትር ቡናማ መስታወት፣ ለብረታ ብረት ናይትሪክ አሲድ ያለበት ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሆናል። ሁሉም በበረዶ ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዝቅዝ። ላቦራቶሪው በንጹሕ ውሃ ሞልቶ የሚሰጠውን አንድ ጠርሙስም ሳትከፍቱ አብራችሁ መልሱት፤ በመንገድ ላይ ብክለት መግባት አለመግባቱን የሚያሳየው እሱ ነው።

ታንኩ ውስጥ ሦስት ቦታ ውሰዱ፦ ከላዩ ሽፋን፣ ከመውጫው ቲ አጠገብ ካለው የመሃል ውሃ እና ከወለሉ ዝቃጭ። ግልጽ የፕላስቲክ መቅጃ ቱቦ በማሟሟያ ሊለሰልስ ስለሚችል ማሟሟያ ከተጠረጠረ የመስታወት ወይም የቴፍሎን ቱቦ ይሻላል።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ብቻ አታንብቡ። በተለመደ የቤት ፍሳሽ ውስጥ ያለ ምንም አደጋ ጥቂት ቶሉዊን፣ አሴቶን፣ ከበረኪና የሚመጣ ክሎሮፎርምና ከሽንት ቤት ሽታ ማጥፊያ የሚመጣ ዳይክሎሮቤንዜን ይገኛል። ቶሉዊን ብቻውን በጥቂቱ ከታየ ነዳጅ ፈሰሰ ለማለት አይበቃም፤ ቤንዜን፣ ኤቲልቤንዜንና ዛይሊን አብረውት ከታዩ ግን ቤንዚን ነው። ቧንቧው በቅርቡ በፒቪሲ ማስቲሽ ተገጥሞ ከሆነም በማስቲሹ ውስጥ ያሉት ቴትራሃይድሮፉራንና ሜቲል ኤቲል ኪቶን ውጤቱ ላይ ይወጣሉ። ለላቦራቶሪው ይህን አስቀድሞ መንገር ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል።

ማውጣትና ማጠብ

3 ሊትር ቤንዚን ከ4,000 ሊትር ፍሳሽ ጋር ከተበጠበጠ የምታስወግዱት አደገኛ ቆሻሻ 4,000 ሊትር ነው። የተንሳፈፈውን መጀመሪያ ለይታችሁ ካነሳችሁ ግን ጥቂት ባልዲ ነው። ዘይት እንጂ ውሃ የማይመጠውን መምጠጫ ጨርቅ በገመድ አስራችሁ ላዩ ላይ አንጥፉ፤ ሲጠግብ አንሱና ክዳኑ በሚጠብቅ የብረት በርሜል ክተቱ። በርሜሉን እስከ 90 በመቶ ብቻ ሙሉ፤ ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል። በዚህ ደረጃ ሳሙና አትጨምሩ፤ ዘይቱን ከውሃው ጋር አዋህዶ መለየቱን ከንቱ ያደርገዋል።

ከዚያ መምጠጫ መኪናው ይመጣል። ሹፌሩ ምን እንደሚጭን ማወቅ መብቱ ነው፤ የላቦራቶሪውን ውጤት ስጡት። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ለመጫን ፈቃድ አለው ወይ፣ ተቀጣጣይ ሲሆን ብልጭታ እንዳይፈጠር መኪናውና ቱቦው ኧርዝ ይታሰራሉ (በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዛሉ) ወይ፣ የት ነው የሚያራግፈው። ማሟሟያ ሳይነገረው የተቀበለ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የራሱን ባክቴሪያ ያጣል። ከሌላ ቤት የተመጠጠ ፍሳሽ አብሮ አይጫን። ሌላም ነገር፦ መምጠጫ ሠራተኞች ዝቃጩን ለማላቀቅ የመጠጡትን መልሰው ወደ ታንኩ የመንፋት ልማድ አላቸው። ለተለመደ ጽዳት ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ሁሉንም ይበጠብጣል፤ አስቀድማችሁ ከልክሉ። ኬሚካሉ የሚሰምጥ ዓይነት ከሆነ ቱቦው ቀስ ብሎ እስከ ወለሉ ይውረድና ከሥር ይጀምር።

ታንኩ ሲራቆት ግድግዳውን ከውጭ ሆናችሁ በረጅም ዘንግ እጠቡ፤ በአንድ ዙር ከ150 እስከ 300 ሊትር ውሃ ይበቃል። ለዘይት ብቻ አሁን ሳሙና ይፈቀዳል። እያንዳንዱ እጣቢ ተመጥጦ ይውጣ። ከቤት እስከ ታንክ ያለውን ቧንቧ የምታጥቡትም በዚሁ ጊዜ ነው፤ መምጠጫው እየሠራ እያለ ውሃ ልቀቁ፣ ታንኩ ውስጥ ሳይተኛ ይሳብ። ከመጨረሻው እጣቢ ናሙና ውሰዱ። ኮንክሪት ነዳጅ ይጠጣል፤ ውጤቱ ከፍ ካለ ሌላ ዙር ያስፈልጋል። የመውጫው ማጣሪያ አይታጠብም፣ ይጣላል።

የፕላስቲክ ወይም የፋይበርግላስ ታንክ፣ በተለይ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነበት፣ ባዶውን ካደረ ከአፈሩ ተነቅሎ ሊንሳፈፍ ይችላል። እጣቢው ንጹሕ መሆኑ እንደታወቀ በንጹሕ ውሃ ሙሉት። ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ ካለባችሁና ውሃው ቅርብ ከሆነ ወዲያው ሙሉትና፣ አስፈላጊ ከሆነ ያንኑ ውሃ መልሳችሁ አስመጥጡ። ሙላቱ እንደ ፍተሻም ያገለግላል፦ እስከ መውጫው ሞልታችሁ ደረጃውን ምልክት አድርጉና 24 ሰዓት ተዉት። ዝቅ ካለ ታንኩ ያንጠባጥባል። ማሟሟያ የፒቪሲ ቧንቧና የጎማ ማሸጊያ ያለሰልሳል፤ ስለዚህ የመግቢያና የመውጫ መጋጠሚያዎችን ከላይ በካሜራ እዩ።

አሲድ፣ ኮስቲክና በረኪና

ኮስቲክ የገባበትን ታንክ አሲድ ጨምሮ “ማመጣጠን” የሚማርክ ሐሳብ ነው። አታድርጉት። ዝቃጩ ውስጥ በሟሟ መልክ ያለው ሰልፋይድ አሲድ ሲነካው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሆኖ በአንዴ ይወጣል። አስመጥጡት። አሲድ የገባበት ከሆነም ያው ጋዝ ወጥቶ ስለሚሆን ቀርቦ ከመሥራት ይልቅ አየር እንዲገባ ከፍቶ መራቅ ይቀድማል። በረኪና ከአሲድ ጋር ክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር ክሎራሚን ይሰጣል፤ ሁለት የጽዳት ዕቃ በአንድ ሲንክ አይደፋ።

ለልብስ የሚጨመር የተለመደ በረኪና ግን ታንክ አይገድልም። እ.ኤ.አ. በ1987 በአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት በ3,785 ሊትር ታንክ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ለማጥፋት 7 ሊትር ያህል በረኪና ሲያስፈልግ፣ ዱቄት መሰል የተዘጋ ቧንቧ መክፈቻ ኬሚካል ግን 11.3 ግራም ብቻ እንደሚበቃ አሳይቷል። ከሁለቱ የትኛውን ከቤት ማስወጣት እንዳለባችሁ ግልጽ ነው። ባክቴሪያው በእንዲህ ያለ ጉዳት ከሞተ ማስመጠጥ ላያስፈልግ ይችላል፤ ኬሚካሉ ከቆመ በቀናት ውስጥ ራሱ ይመለሳል።

ማስረጊያ መስኩ

ማከፋፈያ ሳጥኑን ክፈቱ። ሽታ፣ ፊልም ወይም በላቦራቶሪ ውጤቱ ላይ ያው ኬሚካል ከተገኘ ወደ አፈሩ መሄድ ግድ ነው። በእጅ አፈር መሰርሰሪያ ከማስረጊያ ቦዩ ወለል በታች በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አፈር አውጡ። ከእያንዳንዱ ጥልቀት የመስታወት ብርጭቆ ግማሽ ድረስ ሙሉ፣ አፉን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ፎይሉን በተን መለኪያ (የተናኝ ኬሚካልን ተን የሚለካ መሣሪያ) ጫፍ በስታችሁ ለኩ። ቁጥሩ የሚቀንስበት ጥልቀት የብክለቱን ወሰን ይጠቁማል፤ ከፍተኛው ቁጥር ከታየበትና ወሰን ከመሰለው ጥልቀት ናሙና ለላቦራቶሪ ላኩ።

ውሳኔው በኬሚካሉ ይለያያል። ጥቂት ቤንዚን ወይም ናፍጣ ከሆነና የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቅ ከሆነ፣ መስኩን ለወራት ማሳረፍ ኦክስጅን ወደ አፈሩ እንዲገባ ያደርጋል፤ የአፈሩ ባክቴሪያም ነዳጁን ያፈርሳል። ክሎሪን ያለበት ማሟሟያ ግን እንደዚህ አይደለም። ኦክስጅን በሌለበት ትራይክሎሮኤቲሊን ደረጃ በደረጃ ሲፈርስ ቪኒል ክሎራይድ የሚባል ከራሱ የከፋ ካንሰር አምጪ ይወልዳል፤ ላቦራቶሪው ይህንንም እንዲለካ ጠይቁ። እዚህ ላይ አፈር መቁረጥ ወይም ተኑን በፓምፕ መሳብ ይመጣል፤ ሥራው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና ፈቃድ ያለው ድርጅት እንጂ የቤት ባለቤት አይደለም። ብዙ ኮስቲክ ሶዳ የፈሰሰበት ሸክላ አፈር ደግሞ ሶዲየሙ ቅንጣቶቹን በትኖ ውሃ ማሳለፍ ያቆማል፤ ጂፕሰም የሚረዳው በዚህ ጊዜ ነው።

እንደገና ማስጀመር

በገበያ ላይ ያለ የባክቴሪያ ዱቄት አያስፈልግም፤ የቤት ፍሳሽ ራሱ ባክቴሪያውን ይዞ ይመጣል። “ሴፕቲክ ያጸዳል” የሚባል ማሟሟያ ያለበት ፈሳሽ ደግሞ ራሱ በካይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃ ቆጥቡ፣ ፒኤች በየሳምንቱ ለኩ። አረፋ መፍላት ሲጀምርና ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሲታይ ታንኩ ሥራ ጀምሯል። ከ3 ወር በኋላ ከመውጫው ውሃ ያንኑ ኬሚካል እንደገና አስመርምሩ፤ ከኮንክሪቱ ወይም ከቧንቧው ቀስ ብሎ የሚመለስ ነገር ካለ ያን ጊዜ ይታያል።

የጉድጓድ ውሃ አንዴ ንጹሕ መውጣቱ አይበቃም። የከርሰ ምድር ውሃ በዝግታ ስለሚሄድ ብክለቱ ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። በ1፣ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር ከዚያው ቧንቧ፣ በዚያው ዓይነት ጠርሙስ፣ ለዚያው ኬሚካል አስመርምሩ፤ ከመስኩ በታች በቁልቁለት በኩል ያሉ ጎረቤቶች ጉድጓድ ካላቸውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይነገራቸው።